ጎማው የመንገድ ጠርዝ ሲመታ ዝም አይባልም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ይህ አባባል ለሰው ብቻ ሳይሆን ለቤተሰብ መኪናም እንደሚሠራ የሚያስረዳ አንድ ገጠመኝ አንዲት አንባቢያችን በቅርቡ አጫውተውናል።

እኒህ እናት የሚኖሩት በየካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው። አንድ እሑድ ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው እንጦጦ ውለው ሲመለሱ፣ ቁልቁለቱ ላይ ከፊታቸው የመጣውን ሚኒባስ ለማሳለፍ ወደ ቀኝ ጠጋ ሲሉ የፊት ጎማቸው የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ መታ። ወርደው ሲያዩ ቸርኬው ከመፋቁ በቀር የተሰበረ ነገር አልታያቸውም። ባለቤታቸው «ድሮም መንዳት አትችይም» እንዳይሏቸው ፈርተው ነገሩን ለማንም ሳይናገሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጆቹን ትምህርት ቤት አመላለሱ። በእነዚያ ቀናት መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ መሪው ግን ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሎ ይታያቸው ነበር።

በመጨረሻ ባለቤታቸው አንድ ቀን መሪውን ሲይዙ ነገሩ ተገለጠ። መኪናዋ ጋራዥ ገብታ ስትታይ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ታጥፎ፣ የጫፉ መገጣጠሚያ ላልቶ፣ የጎማውም ጎን በውስጥ በኩል አብጦ ተገኘ። እናትየው «ከጥገናው ዋጋ ይልቅ ያንጊዜ ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ መንዳቴን ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል» ብለውናል።

የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ በዕረፍት ቀን ቤተሰቡን ይዞ የሚወጣው ሰው በዝቷል። አቀበቱ ሞተርን ቢፈትን፣ ቁልቁለቱ ፍሬንንና መሪን ይፈትናል። የመንገዱ ዳር ደግሞ ባዶ አይደለም። ሯጮች ይሠለጥኑበታል፤ ምዕመናን ወደ ማርያምና ወደ ኪዳነ ምሕረት ይሄዱበታል፤ ከጫካው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ለብዙ ዘመን ያመላለሰ መንገድ ነው። መሪዋ የማይታመን መኪና እዚህ ቦታ ላይ አደጋዋ ለተሳፋሪው ብቻ አይደለም። ታች ከተማ ውስጥም ቢሆን በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት፣ ለምሳሌ ከአራት ኪሎ በቀበና ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ፣ የእግረኛ መሄጃው በድንጋይ ጠርዝ ታጥሯል። ለእግረኛ መልካም ነው፤ ሾፌር ግን ሊጠነቀቅለት ይገባል።

ለመሆኑ ጠርዝ መምታት ይህን ያህል ጉዳት የሚያደርሰው ለምንድን ነው? መኪና የተሠራችው ጉድጓድንና ጉብታን ከታች ወደ ላይ እንድትቀበል ነው። ሞላውና አሞርዛተሩ ይህን ንዝረት ያበርዱታል። ጠርዝ ሲመታ ግን ምቱ የሚመጣው ከፊትና ከጎን ስለሆነ ሞላው አያበርደውም፤ በቸርኬው አልፎ ጎማውን ወደ ያዙት ክንዶች፣ ወደ ኩሽኔታውና ወደ መሪው ዘንግ ይደርሳል። የጎማዎች አቋም የሚለካው በሚሊሜትርና በዲግሪ ክፍልፋይ ስለሆነ ትንሽ መጣመም ለዓይን ባይታይም መሪውን ያበላሻል፤ ጎማውንም በጥቂት ጊዜ ውስጥ በአንድ ወገን ይበላዋል።

እንግዲህ ጠርዝ የመታ ሰው በመጀመሪያ ሜዳ ቦታ ላይ ይቁም። ቁልቁለት ከሆነ የእጅ ፍሬን ይሳብ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ። ከዚያ ጎማውን በውጭም በውስጥም በእጅ መዳሰስ ነው። ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል ያበጠ ነገር ካለ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ነው። ይህን ጎሚስታ አይጠግነውም፤ ጎማው መለወጥ አለበት። ቀጥሎ በተመታው ጎማና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት ከሌላው ወገን ጋር ማስተያየት ይገባል። ከተለያየ አንድ የታጠፈ ነገር አለ። ከመኪናዋ ሥር ዘይት ወይም የፍሬን ዘይት የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ወይም ጎማው ዘንበል ብሎ ከታየ መኪናዋ ተጎትታ ትሂድ እንጂ አትነዳ።

ይህ ሁሉ ካልታየ ሰው በሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ እየነዱ ማዳመጥ ነው። ቀጥ ብለው ሲሄዱ መሪው ከተጣመመ ወይም መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ከሳበች፣ የመሪው ዘንግ ወይም ጎማውን የያዘው ክንድ መታጠፉን ያመለክታል። ፍጥነት ሲጨምር መሪው ከተንቀጠቀጠ ቸርኬው ሳይጎብጥ አይቀርም። ጉብታ ላይ «ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማ መገጣጠሚያ ላልቷል። እንደ ንብ የሚያም ድምፅ ከፍጥነቱ ጋር ከጨመረ ኩሽኔታው ይጠርጠር። የመኪናዋን ጥግ በእጅ ተጭነው ሲለቋት አንድ ጊዜ ተነሥታ ካልረጋችና ደጋግማ ከዘለለች አሞርዛተሩ ደክሟል።

ጋራዥ ሲሄዱ መካኒኩ ጎማውን በክሪክ አንሥቶ እንዲነቀንቀው ይጠይቁ። ግራና ቀኙን ይዞ ሲነቀንቀው ከተንቀሳቀሰ ችግሩ በአብዛኛው ከመሪው መገጣጠሚያ ነው፤ ላይና ታቹን ይዞ ሲሆን ደግሞ ከኩሽኔታው ወይም ከክንዱ መገጣጠሚያ ነው። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር ግን ማንም ሰው፣ ይልቁንም ልጆች፣ እንዳይገቡ።

ሴት ስትሄድ ዋጋ የሚጨምር፣ ወይም «አላይመንት ብቻ ይበቃል» ብሎ የሚያሰናብት ጋራዥ እንዳለ ብዙ እኅቶች ያማርራሉ። ስለዚህ ሦስት ነገር ያስታውሱ። የታጠፈው ዕቃ ሳይለወጥ አላይመንት መሥራት ቁስል ላይ ልብስ መደረብ ነው። የመሪ ዘንግ በመዶሻ ተቃንቶ ወይም ተበይዶ አይመለስም፤ በአዲስ ይተካል። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃና ከሥራው በፊትና በኋላ የተለካውን የአላይመንት ውጤት መጠየቅም መብት ነው። ቦሎ መለጠፉ ዋስትና አይሆንም፤ ምርመራው የሚመሰክረው መኪናዋ በታየችበት ቀን ስለነበራት ሁኔታ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተወሰነ ያለችውን አሮጌ መኪና መንከባከብ ግድ ሆኗል። አዲሷ የኤሌክትሪክ መኪናም ባትሪዋ አብዛኛውን ጊዜ ከወለሏ ሥር ስለሆነ፣ ጠርዝ ላይ ወጥታ ሆዷን ከተመታች የባትሪው መያዣ በባለሙያ ይታይላት።

አባወራዎችም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጠርዝ ያልመታ ሾፌር ጥቂት ነው። ቤት ውስጥ መሳለቂያ መሆንን የፈራች ሚስት ወይም መኪና ተውሶ የወጣ ልጅ ጉዳቱን ይደብቃል፤ የተደበቀውም ነገር እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ይገለጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አደረግሽ?» ሳይሆን «ተጎዳችሁ ወይ?» ይሁን። ሁለተኛው ደግሞ «የትኛው ጎማ ነው?» ይሁን። ከዚያ መኪናዋ እስክትታይ ድረስ ልጆቹ ለጥቂት ቀን በታክሲ ቢሄዱ ቤተሰቡ የሚጎዳበት ነገር የለም።