ካርድ ዋስ አይሆንም

በአዲስ አበባ አዲስ ንግድ የከፈተ ሰው ዛሬ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ከሱቅህ ወጣ በል፣ ሰው ተዋወቅ፣ ኔትወርኪንግ ላይ ተገኝ።» ምክሩ ከመደጋገሙ የተነሣ እውነት ይሁን አይሁን ብሎ የሚጠይቅ ጠፍቷል። በዙሪያውም ራሱን የቻለ ገበያ ተፈጥሯል፤ የሆቴል አዳራሽ ይከራያል፣ ስፖንሰር ይፈለጋል፣ መግቢያ ይሸጣል፣ ተናጋሪ ይጋበዛል፣ ፎቶ ይነሣል። ይህን ልማድ እቃወማለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ አዳራሽ የሚገባው ሰው ገንዘቡንና ምሽቱን ሰጥቶ የሚያገኘው ትውውቅ ነው፤ ንግዱን የያዘው ግን የትውውቅ እጥረት አይደለም፣ የሚያምነው ሰው ማጣቱ ነው። በንግድ ውስጥ መተማመን የሚያድገው አንዱ ቃሉን ቢያጥፍ የሚጠየቅበት ግዴታ በሰዎቹ መካከል ሲኖር ነው። እነዚህ ምሽቶች ደግሞ ማንም በማንም እንዳይጠየቅ ሆነው የተሰናዱ ናቸው።

አዳራሹን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በር ላይ ስም ይመዘገባል፣ ስምና የድርጅት መጠሪያ የተጻፈበት ባጅ ይታደላል፤ ግድግዳው ሥር የስፖንሰሮች ባነር ተደርድሯል። ንግግሩ አልቆ ሻይ ቡና ሲባል ሰዉ ብድግ ይልና ካርድ መለዋወጥ ይጀምራል። እዚህ ላይ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ልብ ማለት ነው። የኢንሹራንስ ወኪሉ ለድረ ገጽ ሠሪው ሊሸጥ ይሞክራል፣ ድረ ገጽ ሠሪው ለአሠልጣኙ፣ አሠልጣኙ ለአፓርታማ ሻጩ፣ አፓርታማ ሻጩ ለሁሉም። ገዢ ሊሆን የመጣ ሰው ከተገኘ በጣት የሚቆጠር ነው። ሳሙና ማምረት የጀመረች ሴት ብትኖር ምርቷን በካርቶን ሊያነሣላት የሚችለው አከፋፋይ በዚያ ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ ሒሳብ እየዘጋ ነው፤ የትልቅ ድርጅት ግዢ ክፍልም አቅራቢ የሚመርጠው በጨረታና በፕሮፎርማ ነው። በማግስቱ ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር የሚከፈተው የቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ በሳምንት ጊዜ ውስጥ የማስታወቂያ መለጠፊያ ይሆናል፤ ሁሉም ይለጥፋል፣ የሚያነብ የለም።

ይህ የአዲስ አበባ ችግር ብቻ አይደለም። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ፖል ኢንግራምና ማይክል ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ለትውውቅ በተዘጋጀ ግብዣ ላይ የተገኙ የሥራ ኃላፊዎችን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተከታትለው ማን ከማን ጋር ምን ያህል እንደቆየ መዝግበዋል። ተጋባዦቹ አስቀድመው ሲጠየቁ ዋና ፍላጎታቸው አዲስ ሰው መተዋወቅ እንደሆነ ተናግረው ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት የሚያውቋቸው ሲሶ ያህሉን ነበር፤ ከጊዜያቸው ግማሽ ያህሉን ያሳለፉት ግን ከእነዚሁ ከሚያውቋቸው ጋር ነው። የሚያውቅ ወደሚያውቀው ሲሄድ ሲሶ ቀርቶ አንድም ሰው የማያውቀው አዲስ መጪ የት ይቆማል? ምሽቱ የተዘጋጀው ለእርሱ ነው ተብሎ ነበር፤ ከሁሉ ያነሰ የሚያተርፈውም እርሱው ነው።

አሁን ወደ መርካቶ እንሂድ፤ የአገራችን ንግድ በምን ላይ እንደቆመ የሚታየው እዚያ ነው። አንድ ጅምላ ሻጭ ለቸርቻሪ ዕቃ በዱቤ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ደብተር ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው። ይህን የሚደፍረው ቸርቻሪው ማን ቤት ሠርቶ እንዳደገ፣ በየትኛው ዕቁብ እንዳለ፣ ቢጠፋ ማን እንደሚጠየቅለት ስለሚያውቅ ነው። ከጉራጌና ከስልጤ አገር መጥተው በሊስትሮና በሱቅ በደረቴ ጀምረው፣ በሰው ሱቅ ተቀጥረው፣ በመጨረሻ የራሳቸውን ሱቅ የከፈቱ ስንትና ስንት ነጋዴዎች የመጀመሪያውን ዕቃ ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። ዕቁቡንም እንየው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ቀን አለው። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን አንሥቶ አይሄድም፤ መጀመሪያ ዋስ ይጠራል፣ ዋሱ ይፈርማል፣ ከዚያ ይቀበላል። የቸገረው ካለ ዕጣ የደረሰውን ለምኖ ተራውን ይገዛል። በየሳምንቱ እየተገናኙ መጣል፣ ሲዘገዩ መቀጣት፣ ለሌላው ዋስ ሆኖ መፈረም፤ ሰው ጓደኛውን የሚመዝነው በዚህ ውስጥ ነው። ዓመት የጣለ ነጋዴ ማን በጊዜ እንደሚከፍልና ማን ሰበብ እንደሚያበዛ ያውቃል። ይህን ዕውቀት ካርድ አይሰጥም።

የኔትወርኪንግ ደጋፊዎች የሚያነሡት ምሁራዊ መከራከሪያ አለ፤ የሶሺዮሎጂው ሊቅ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 የጻፈው። ግራኖቬተር ሥራ የቀየሩ ሰዎችን ጠይቆ፣ በሰው አማካይነት ወሬውን ካገኙት መካከል አብዛኞቹ የሰሙት ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው መሆኑን አሳይቷል። ግኝቱን እቀበላለሁ። ነገር ግን በዚያ የላላ ትውውቅ ላይ የተጓዘው ወሬ ነው፤ የት ክፍት ቦታ እንዳለ። ወሬ ለመንገር ዋስ አያስፈልግም፣ ሃምሳ ካርቶን ዘይት በዱቤ ለመስጠት ግን ያስፈልጋል። ደግሞም እነዚያ የላሉ ትውውቆች ከየት መጡ? የቀድሞ የሥራ ባልደረባ፣ የቀድሞ አለቃ፣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ አብረው ሲሠሩ ወይም ሲማሩ የተያዩ ሰዎች ማለት ነው። ጥናቱን በአንድ ምሽት የተለዋወጡትን ካርድ ለማስከበር መጥቀስ ያልተባለውን ማስባል ነው።

ሌላው መልስ «ሥርዓት ያላቸው ቡድኖችም አሉ» የሚል ነው። እውነት ነው። አይቫን ማይዝነር እ.ኤ.አ. በ1985 በካሊፎርኒያ የመሠረተው ቢኤንአይ በየሳምንቱ ይሰበሰባል፣ በአንድ ቡድን ከአንድ ሙያ አንድ ሰው ብቻ ይቀበላል፣ አባላቱም ደንበኛ እንዲመራሩ ይጠብቃል። እዚህ ግዴታ ስላለ ከሆቴሉ ምሽት ይሻላል እላለሁ። ጉድለቱ ግዴታው በተሳሳተ ቦታ መቀመጡ ነው፤ አባሉ ሥራውን ያላየለትን ሰው ለደንበኛው እንዲያመለክት ይገፋዋል። በእኛ ዘንድ «እገሌ ይሠራልሃል» ያለ ሰው ሥራው ሲበላሽ ይወቀሳል፤ ስለዚህም አፉን ከመክፈቱ በፊት ያስባል። ከዚህ ይልቅ የሮታሪ ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። ጠበቃው ፖል ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1905 በቺካጎ ክለቡን ሲጀምር ከዓላማዎቹ አንዱ አባላቱ በሥራ እንዲጠቃቀሙ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን በከተማዋ የሕዝብ መጸዳጃ እስከማሠራት የደረሰ የጋራ አገልግሎት ውስጥ ገባ። ክለቡን ከመቶ ዓመት በላይ ያቆየው ይህ አብሮ መሥራት እንደሆነ አምናለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ዕቁቡና የመርካቶው ዱቤ በር ዘግተዋል የሚለው። ዘመድ የሌለው፣ ከሌላ ክልል የመጣ፣ በወንዶች ገበያ የምትነግድ ሴት፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ የገባበት ተራ የማያውቀው ወጣት ማን ዋስ ይሆነዋል? ይህ ጥያቄ ያሳስበኛል፣ ማሳሰብም አለበት። በአገር ልጅነትና በሃይማኖት የታጠረ መተማመን ስንቱን ጎበዝ ደጅ አስቀርቷል። የኔትወርኪንግ ምሽት ማንንም ከየት ነህ ብሎ ሳይጠይቅ ማስገባቱ መልካም ነው። ነገር ግን ክፍት የሆነው የአዳራሹ በር ብቻ ነው። ዋስ ያጣው ወጣት ሲገባም ዋስ የለውም፣ ሲወጣም የለውም። እዚያም ቢሆን የመግቢያው ዋጋ፣ በእንግሊዝኛ የሚሞላው ንግግርና ሙሉ ልብሱ የራሳቸው አጥር ናቸው፤ መርካቶ ጥሩ የሚነግደው ሰው በዚህ አዳራሽ ጥግ ይይዛል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ለማንም ክፍት ሆኖ ግዴታ ያለበት ስብስብ ነው፤ ይህም ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ከየአቅጣጫው የመጡ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ጀማሪዎች በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቦታ ይገናኙ። ጥሬ ዕቃ በጋራ ይግዙ፣ የጭነት መኪና ይጋሩ፣ ትንሽ ዕቁብ ይጣሉ፣ ቃሉን ያጠፈውን በዳኛቸው ፊት ይጠይቁ። በ1939 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት የንግድ ክርክር የሚታይበት የግልግል ተቋም አለው፤ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ስብስቦችን መዝግቦ ቀለል ያለ የሽምግልና መንገድ ቢከፍትላቸው ከብዙ ምሽቶች የበለጠ ይጠቅማል። ዘመድ የሌላት ነጋዴ በዓመቱ መጨረሻ በጊዜ መክፈሏን የሚመሰክሩላት ሰዎች ይኖሯታል፤ ለጅምላ ሻጩ ስማቸውን ትጠራለች።

የምሽቶቹ አዘጋጆች ወደዚህ ሥራ እንዲዞሩ እጠይቃለሁ። አዳራሽ የመያዝና ሰው የመጥራት ችሎታው አላቸው፤ የቀራቸው የተጠሩትን ሰዎች በተደጋጋሚ አገናኝቶ አንድ ነገር አብረው እንዲሠሩ ማድረግ ነው። ይህን ካልፈለጉ ቢያንስ ከጀማሪው የመግቢያ ገንዘብ መቀበላቸውን ያቁሙ። ምሽቱ የሚያገለግለው ሻጮችን ነው፤ ዋጋውን ሻጮቹ ይክፈሉት።