ባሕር የሌላት አውራጃ አእዋፍ፦ ሐይቁ የሰጠው፣ ማሳው የነሳው

ከባሕር ዳርቻ የራቁት የእንግሊዝ አውራጃዎች በአእዋፍ አጥኚዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ እንደ ደረቅ አገር ሲቆጠሩ ኖረዋል፤ ምክንያቱም በብርድ ወራት ከሰሜን የሚጎርፉት ዳክዬዎች፣ ዝዮችና በጭቃ ላይ የሚለቅሙ ረጃጅም እግር ወፎች በብዛት የሚሰፍሩት የባሕር ውኃ በየዕለቱ በሚሞላበትና በሚሸሽበት ጠረፍ ላይ ነው። በመካከለኛው እንግሊዝ የምትገኘውና 382 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የምትሰፋው ሩትላንድ ግን ዛሬ በብርድ ወራት ከ20 ሺህ የሚበልጡ የውኃ አእዋፍን ታስተናግዳለች። ይህ ለውጥ እንዴት እንደመጣ በጥንቃቄ ሲመረመር የሚገኘው ነገር ለወፍ ወዳጆች ሙሉ በሙሉ የሚያስደስት አይደለም። አእዋፉ መቼ እንደሚመጡና መቼ እንደሚሄዱ የሚወስነው ወቅት ቢሆንም፣ የትኞቹ እንደሚመጡና ምን ያህል እንደሚሆኑ በአብዛኛው የወሰነው የሰው ውሳኔ፣ ያውም ስለ ወፍ እምብዛም ሳይታሰብ የተላለፈ ውሳኔ ነው፤ ትርፉ በአንድ ሐይቅ ላይ ተከማችቶ ስለሚታይ ሲወደስ፣ ኪሳራው በየማሳው ስለተበተነ ሳይቆጠር አልፏል።

የትርፉ ምንጭ የመጠጥ ውኃ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፍጥነት የሚያድጉት የምሥራቅ መካከለኛው እንግሊዝ ከተሞች ውኃ እንዳያጥራቸው ተሰግቶ፣ ግዋሽ የተባለው ትንሽ ወንዝ የሚፈስበት ሸለቆ በኤምፒንግሃም መንደር አጠገብ በአፈር ግድብ ተዘጋ፤ ከ1975 ጀምሮም ውኃ ይሞላ ጀመር። ግዋሽ ብቻውን ይህን ያህል ሐይቅ ሊሞላ ስለማይችል አብዛኛው ውኃ ከዌላንድና ከኔን ወንዞች በፓምፕ ተስቦ የሚመጣ ነው። ከ1,200 ሄክታር በላይ የሆነ የእርሻና የግጦሽ መሬት ከኔዘር ሃምብልተን መንደር ጋር ከውኃ በታች የቀረ ሲሆን፣ የኖርማንተን ቤተ ክርስቲያን ወለሉ ከፍ ተደርጎ ከመስጠም ተርፏል። ነዋሪዎቹ ሥራውን አጥብቀው ተቃውመው ነበር፤ ከተቃዋሚዎቹ መካከል ስለሚመጡት ዳክዬዎች ያሰበ ሰው ቢኖር እንኳ ክርክሩን የሚለውጥ አልነበረም። ይሁን እንጂ በምዕራብ በኩል ያለው ጥልቀት የሌለው የሐይቁ ክፍል ገና ከጅምሩ ለዱር አእዋፍ እንዲከለል ተደረገ፤ ዛሬ ሐይቁ በዓለም አቀፍ የረግረግ መሬቶች ስምምነት፣ ማለትም በራምሳር ስምምነት መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

በብርድ ወራት ሐይቁን ከሚያጣብቡት መካከል ስሙን ዓለም አቀፍ ያደረጉት ሁለት የዳክዬ ዓይነቶች ናቸው። አንዷ ሾቨለር ስትሆን፣ ጫፉ ሰፍቶ በተዘረጋው ምንቃሯ ውኃውን እየሳበች፣ በምንቃሩ ጠርዝ በተደረደሩት ጥቃቅን ዘርፎች እንደ ወንፊት አጥልላ ደቃቅ ነፍሳትንና ዘሮችን ታስቀራለች። ሁለተኛዋ ጋድዎል የምትባለው ግራጫማ ዳክዬ ናት፤ የሚገርመውም የአመጋገቧ ብልሃት ነው። ጋድዎል የምትወደው ከውኃው ሥር የሚበቅለውን ተክል ሆኖ ሳለ ጠልቃ የመዋኘት ልማድ የላትም፤ አንገቷ ከሚደርስበት በታች ያለውን ምግብ የምታገኘው ኩት ከምትባለው ጥቁር ሰውነትና ነጭ ግንባር ካላት የውኃ ወፍ ነው። ኩት ጠልቃ አረሙን በአፏ ይዛ ብቅ ስትል፣ አጠገቧ ስትጠብቅ የቆየችው ጋድዎል ፈጠን ብላ ከምንቃሯ ትነጥቃታለች፤ ኩትም ሳትጣላ ተመልሳ ትጠልቃለች። የጋድዎል መብዛት በኩት መብዛት፣ የኩት መብዛት በተክሉ መብዛት፣ የተክሉ መብዛት ደግሞ የውኃ ድርጅቱ ሐይቁን በምን ከፍታ ላይ እንደሚያቆየው የሚወሰን በመሆኑ፣ የአንዲት ዳክዬ ቁርስ ከከተማ ቧንቧ ጋር የተሳሰረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ትስስር ይበልጥ የሚጎላው የሙቀቱ ወራት እያበቁ ሲሄዱ ነው። በሰኔና በሐምሌ የከተሞቹ የውኃ ፍጆታ ከፍ ሲል የሐይቁ ውኃ ዝቅ ይላል፤ ከዳርቻው የሚጋለጠው ጭቃም ትልና እጭ የሞላበት ነው። ከነሐሴ እስከ መስከረም ከአርክቲክ ዙሪያ ወደ አፍሪካና ወደ ደቡብ አውሮፓ የሚያቀኑት ረጃጅም እግር ወፎች፣ ለምሳሌ ደንሊንና ግሪንሻንክ የሚባሉት፣ ከባሕር በራቀው በዚህ ጭቃ ላይ ለቀናት አርፈው ስባቸውን ይሞላሉ። ዝናብ በበዛበትና ሐይቁ ሞልቶ በከረመበት ዓመት ግን ማረፊያ ስለሚያጡ ብዙዎቹ ሳይወርዱ ያልፋሉ። ከሐይቁ የሚወሰደው ውኃ መጠን እንዲጨምር ሲወሰን የከፍታው መዋዠቅ አእዋፉን እንዳይጎዳ የውኃቸው ከፍታ ለብቻው ቁጥጥር የሚደረግበት ተጨማሪ ኩሬዎች መቆፈራቸው፣ ግንኙነቱ በመጨረሻ በይፋ መታወቁን ያሳያል።

በጸደይ የሚመጣው ትልቁ እንግዳ ኦስፕሬይ ነው፤ ይህም ዓሣ ብቻ እያደነ የሚኖር አዳኝ ወፍ ሲሆን፣ የውጭኛው ጣቱ ወደ ኋላ ስለሚዞርለት ሁለቱን ጣቶች ከፊት ሁለቱን ከኋላ አድርጎ፣ በእግሩ መዳፍ ባሉት ሹል ቅርፊቶች እየታገዘ የሚያዳልጠውን ዓሣ ቆንጥጦ ይይዛል። በአደን፣ በእንቁላል ሰብሳቢዎችና በዓሣ ኩሬ ባለቤቶች ጥላቻ ምክንያት ከእንግሊዝ ጎጆው የጠፋው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ወጣት ወንዱ ለአቅመ ጎጆ ሲደርስ መብረር ወደተማረበት ቦታ የመመለስ ጠባይ ስላለው፣ ከ1996 እስከ 2001 ድረስ ከስኮትላንድ ጎጆዎች የተወሰዱ ጫጩቶች በሩትላንድ ሐይቅ ዳር አድገው እንዲለቀቁ ተደረገ። ጫጩቶቹ በመስከረም ወደ ምዕራብ አፍሪካ፣ በተለይም ወደ ሴኔጋልና ጋምቢያ ጠረፍ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በርረው ሁለት ዓመት ገደማ እዚያው ቆይተው ይመለሳሉ። በ2001 የመጀመሪያው ጥንድ ጫጩት አሳደገ፤ ይህም በመካከለኛው እንግሊዝ ከ150 ዓመት ገደማ በኋላ የሆነ ነው። ውጤቱ በእርግጥ አኩሪ ነው፤ ነገር ግን ኦስፕሬዩ የሚኖረው ለመጠጥ በተሠራ ሐይቅ ላይ፣ ለመዝናኛ ዓሣ አጥማጆች ሲባል በየጊዜው ከሚጨመረው ትራውት ጭምር እየተመገበ፣ ብዙ ጊዜም ሰው ባቆመለት እንጨት ላይ ጎጆውን ሠርቶ ነው።

ከሐይቁ ነዋሪዎች መካከል ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ የማትሆነው የግብፅ ዝይ የምትባለው ናት። በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዳር የምትታየው ይህች አፍሪካዊት ወፍ በ17ኛው መቶ ዘመን ለመሳፍንት መናፈሻ ጌጥ ተብላ ወደ እንግሊዝ ከተወሰዱት ወገኖቿ የተዋለደች ስትሆን፣ ዛሬ በሩትላንድ ዓመቱን ሙሉ ትኖራለች፤ ሌሎቹ ወፎች ጸደይን ሲጠብቁ እርሷ አንዳንዴ በብርዱ መካከል ጫጩት ይዛ ትገኛለች።

ከሐይቁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ወደ እርሻው ሲወጣ ሒሳቡ ይገለበጣል። በመላ ብሪታንያ ከ1970 ወዲህ በእርሻ መሬት ላይ የሚኖሩ አእዋፍ ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ ግራጫዋ ቆቅና የዛፍ ድንቢጥ በብዙ ቦታ ብርቅ ሆነዋል፤ ብርዱን በአፍሪካ ሳህል አሳልፋ በሚያዝያ የምትመለሰው ተርትል ደቭ፣ ማለትም የዋኔ ዘመድ የሆነችው ወፍ፣ ከመቶ ከዘጠና በላይዋ ጠፍታለች። ሩትላንድም የስንዴ አገር እንደመሆኗ ከዚህ አላመለጠችም። የጥፋቱ ዋና ምክንያት ማንም ያልደበቀው የዘር ወቅት ለውጥ ነው። ቀደም ሲል እህል በብዛት በጸደይ ይዘራ ስለነበር የታጨደው ማሳ ብርዱን ሁሉ ሳይታረስ ያድር ነበር፤ የፈሰሰው እህልና የአረሙ ዘርም ለትናንሽ ወፎች የብርድ ወራት ስንቅ ይሆን ነበር። ብሪታንያ በ1973 የአውሮፓ የጋራ ገበያን ከተቀላቀለች በኋላ የእህል ዋጋ ዋስትና፣ አዳዲስ የስንዴ ዝርያዎችና ፀረ አረም ኬሚካሎች ተደማምረው በመስከረምና በጥቅምት መዝራትን አዋጪ አደረጉት፤ ማሳው ባዶውን የሚያድርበት ወቅትም ጠፋ።

ጉዳቱን ለመረዳት ስካይላርክን ማየት ይበቃል። ይህች ቡናማ ወፍ ጎጆዋን መሬት ላይ ትሠራለች፤ ወንዱም አየር ላይ እየተንሳፈፈ ለደቂቃዎች ሳያቋርጥ ይዘምራል። ቁጥሯን ጠብቃ ለመቆየት ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ሁለትና ሦስት ጊዜ መፈልፈል ሲኖርባት፣ በመኸር የተዘራው ስንዴ ግን በግንቦት መጨረሻ ረዝሞና ጠንቶ መሬቱን ስለሚዘጋባት የመጀመሪያውን ጫጩት ካሳደገች በኋላ መግቢያ ታጣለች። ያላት አማራጭ ትራክተር በሚመላለስበት መስመር ዳር መሥራት ነው፤ ቀበሮውና ሌሎች አዳኞችም የሚሄዱት በዚያው መስመር ነው። ስለዚህ ዝማሬው በሚያዝያ እንደ ወትሮው ይሰማል፤ የሚጎድለው በሰኔ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ጎጆ ነው።

የአየር ንብረት ለውጥን ዋና ተጠያቂ የሚያደርጉ ወገኖች አሉ፤ ሐሳባቸውም ከፊል እውነት አለው። ስሚው የምትባለው የሰሜን ዳክዬ የባልቲክ ባሕር በረዶ እየሳሳ በመሄዱ እስከ እንግሊዝ ለመምጣት እምብዛም አትገደድም፤ በአንጻሩ ሊትል ኢግሬት የሚባለው ነጭ ሽመላ መሰል ወፍ በእንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1996 ጎጆ ሠርቶ ወደ መሐል አገር ዘልቋል። ይሁንና ሙቀቱ የሐይቁንም የማሳውንም ወፎች እኩል የሚነካ ሆኖ ሳለ አንደኛው ወገን ሲበዛ ሌላው መመናመኑን ብቻውን ሊያስረዳ አይችልም። የአዳኝ ወፎች ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል፦ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ዘር በሚታሽባቸው መርዞች ተመናምኖ የነበረው ስፓሮውሆክ፣ መርዞቹ ሲታገዱ ተመልሷል፤ ቀይ ጭልፊትም ከ1995 ጀምሮ ከስፔን መጥቶ በአጎራባቹ ኖርዝሃምፕተንሻየር ከተለቀቀ በኋላ ዛሬ በሩትላንድ መንደሮች ላይ እንደ አዲስ አበባው ጭልፊት ያንዣብባል። ሁለቱንም ያጠፋቸውም የመለሳቸውም የሰው እጅ ነው።

ለማሳው ወፎች የሚሆን መድኃኒትም ተገኝቷል። በእያንዳንዱ ሄክታር የስንዴ ማሳ ላይ እያንዳንዳቸው 16 ስኩዌር ሜትር የሚሆኑ ሁለት ቦታዎችን ሳይዘሩ መተው፣ ማለትም ከመቶ ግማሽ እንኳ የማይሞላ መሬት መልቀቅ፣ ስካይላርክ በሰኔም ገብታ እንድትፈለፍል እንደሚያስችላት በሙከራ ተረጋግጧል። ለዚህ ሥራ የመንግሥት ክፍያ ቢመደብም፣ ክፍያውን በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ የአጥሩን ቁጥቋጦ ዘግይቶ በመቁረጥ ማግኘት ይቻል ስለነበር፣ አብዛኛው ገበሬ የዘር ማሽኑን መሐል ማሳ ላይ አንስቶ ዝቅ ከማድረግ ዳሩን መንከባከብን መርጧል። በገበሬው መፍረድ አይቻልም፤ ከቀረቡለት አማራጮች የቀለለውን ወስዷል። ጥያቄው የሚመለከተው አማራጮቹን የደረደረውን ወገን ነው፤ ምክንያቱም ለስካይላርክ የሚያስፈልጋት መሬት ከማሳው መሐል ሆኖ ሳለ ገንዘቡ ወደ ዳር እንዲፈስ ያደረገው እርሱ ነው።