አሮጌ አውቶሞቢል ይታደስ ወይስ ይጠበቅ?

አንድ አሮጌ አውቶሞቢል አቧራ ለብሶ ለብዙ ዓመታት ከቆመበት መጋዘን ሲወጣ፣ በባለቤቱ ፊት ሁለት መንገዶች ይቀርባሉ። አንደኛው፣ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታትቶ፣ ቀለሙን ልጦ፣ የመቀመጫውን ቆዳ ለውጦ፣ እንደ አዲስ ማደስ ነው። ሁለተኛው፣ ዝገቱ እንዳይስፋፋ አግዶ፣ የቀረውን እንዳለ መጠበቅ ነው። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጡ ነበር? እኔ በበኩሌ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴንም እነሆ።

በታላላቅ ትርኢቶች ለረጅም ጊዜ ይበልጥ ሲከበር የኖረው የመጀመሪያው መንገድ ነው። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ ፔብል ቢች በተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1950 የተጀመረ የአውቶሞቢሎች የውበት ውድድር አለ። መኪኖቹ በባሕሩ ዳር ባለው የጎልፍ ሜዳ ላይ ይደረደራሉ፤ ዳኞችም እያንዳንዷን ከመረመሩ በኋላ ከሁሉ የላቀችው አንዲት መኪና ትመረጣለች። ለዚህ ክብር ሲሉ ባለቤቶች ብዙ ገንዘብና የዓመታት ድካም ያፈሳሉ። ከዚህም የተነሣ አንዳንዶቹ መኪኖች ከፋብሪካ በወጡበት ቀን ከነበራቸው ይበልጥ ያብረቀርቃሉ።

የእድሳት ደጋፊዎች ያለ ምክንያት አይናገሩም። «መኪና የተሠራችው ለውበትና ለጉዞ እንጂ ለዝገት አይደለም» ይላሉ። በተጨማሪም የላሜራ ቀጥቃጩ፣ የአናጺውና የቆዳ ሰፊው ጥንታዊ ሙያ በእድሳት ምክንያት ከመጥፋት መዳኑን ያስረዳሉ። ይህ እውነት ነው። ዝገት በልቶ የጨረሰው አካል መታደሱ ግድ ነው፤ በመንገድ ላይ ለሚነዳ መኪናም ያረጀ ፍሬንና የተሰነጠቀ ጎማ መለወጥ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ነገር ግን አሮጌ መኪና ዕቃ ብቻ ሳይሆን ምስክርም ነው። የጥንቱ ቀለም የዚያን ዘመን ሠራተኛ እጅ ያሳያል፤ ያለቀው የመቀመጫ ቆዳ በላዩ የተቀመጡትን ሰዎች ያስታውሳል፤ ጭረቱም የተጓዘበትን መንገድ ይናገራል። ይህን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ ከብራና ላይ ጽሕፈትን ፍቆ ብራናው ነጣ ብሎ እንደ መደሰት ነው። አዲስ ቀለም በማናቸውም ጊዜ ሊቀባ ይችላል፤ የመጀመሪያው ቀለም ግን አንዴ ከጠፋ በምንም ዋጋ አይመለስም።

ይህን አሳብ ዛሬ ባለሙያዎችም እየተቀበሉት ነው። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ባጸደቀው የቱሪን ቻርተር፣ ጥበቃን ከእድሳት ለይቶ አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በፔብል ቢች ያልታደሰች መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የበላይነቱን ሽልማት አገኘች። እርስዋም በ1934 የተሠራች፣ በኋላም የቤልጅየም ንጉሥ የሊዮፖልድ ሣልሳዊ ንብረት የነበረች የቡጋቲ መኪና ናት። ከዚያ ቀደም ሲል የተሸለሙት በአዲስነታቸው ሲያበሩ፣ ይህችኛዋ ግን ያሳለፈችውን ዘመን በገላዋ ላይ እንደ ተሸከመች ከበሬታን አገኘች።

እንግዲህ እናንተም የጥንት ዕቃ በእጃችሁ ሲገባ፣ ለመጠገን ከመቸኮላችሁ በፊት «ይህን ባነሣው ምን ይጠፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መለወጥ ግድ የሚሆነውን ለውጡ፤ የለወጣችሁትንም መዝግቡ፤ የተረፈውን ግን ለሚመጣው ትውልድ አቆዩ። ማሳመር ለዛሬ ዐይን ነው፤ መጠበቅ ግን ገና ላልተወለደው ጭምር ነው።