ማሽኑ ይጻፍ፣ ሚዛኑ ግን በእጃችን ይሁን

 

በቅርቡ አንዲት የተማሪዬ እናት ስልካቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት መጡ። እኚህ እናት በርበሬ፣ ሽሮና ጥቁር አዝሙድ እያዘጋጁ በቴሌግራም ይሸጣሉ። ልጃቸው ስልካቸው ላይ የጫነችላቸውን ቻትቦት፣ ማለትም ለጥያቄ በጽሑፍ መልስ የሚሰጠውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም፣ ማስታወቂያ አስጽፈውት ኖሯል።

«ኡስታዝ፣ አማርኛውን እዩልኝ» አሉኝ።

አማርኛው ብዙም አልከፋም። መሐል ላይ ግን ጥቁር አዝሙዱ «በላቦራቶሪ የተረጋገጠና የስኳር በሽታን የሚያድን» እንደሆነ ተጽፏል።

«ይህን እርስዎ ነግረውት ነው?» ስላቸው ደነገጡ። «ወላሂ አልነገርኩትም!»

ያ ማስታወቂያ ወጥቶ፣ አንድ ሕመምተኛ አምኖት መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ተጠያቂው ማን ነው? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እጃቸውን ከእህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥቡን ከሥር ባገኙት ጊዜ የገሠጹት ባለ እህሉን ነው። ዛሬም ማሽኑ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ሻጩ ነው።

የዱንያ ዳኞችም ይህንኑ ብለዋል። የኤር ካናዳ አየር መንገድ ቻትቦት ዘመድ ለሞተበት መንገደኛ ስለ ቲኬት ቅናሽ የተሳሳተ መረጃ ሰጠው። ኩባንያው በቻትቦቱ ስሕተት ልጠየቅ አይገባም ብሎ ቢከራከርም፣ በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የዳኝነት አካል በየካቲት 2016 ዓ.ም. ካሣ እንዲከፍል ወሰነበት።

ማሽኑ እንዲህ የሚያደርገው ለምንድን ነው? ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ስለሚጽፍ ነው። እውነቱንም ስሕተቱንም በአንድ ዓይነት ድፍረት ይናገራል። በአማርኛ የተማረው ጽሑፍ ደግሞ ከእንግሊዝኛው እጅግ ያነሰ ነው። ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘናል፤ ይህም ማጣራት የሚያሻው ወሬ ነው።

ታዲያ እንተወው? አይደለም። ደብዳቤ ለማርቀቅ፣ የዋጋ ዝርዝር ለማሰናዳት፣ ለመተርጎም ድካም ያቀልላል። ነገር ግን አጠቃቀም አለው።

አንደኛ፣ የምትፈልጉትን ዘርዝራችሁ ንገሩት። የዕቃውን ዓይነት፣ ዋጋውንና ገዢው ማን እንደሆነ ጻፉለት፤ «ከነገርኩህ ውጪ አትጨምር» በሉት። ይህን ብትሉትም ሳታነቡ አታውጡ።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መልሱን በምታውቁት ጥያቄ ፈትኑት። ቻትጂፒቲና ጀሚኒ በነፃ ይሞከራሉ። አንዱን ጥያቄ በአማርኛ ለሁለቱም አቅርቡ። 48 ኪሎ በርበሬ በ650 ብር ሒሳብ 31,200 ብር መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ማስፈጫና ማሸጊያ ጨምራችሁ የኪሎ ዋጋ አስሉትና ከደብተራችሁ ጋር አስተያዩ። የሚከፈልበት የሚያስፈልጋችሁ ነፃው ሥራችሁን ካልሸፈነ ብቻ ነው። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ ነው።

ሦስተኛ፣ የደንበኛን ስም፣ ስልክና ዕዳ አትስጡት። የምትጽፉለት ነገር በኩባንያው ዘንድ ሊቀመጥና ለሌላ ማሽን ማስተማሪያ ሊውል ይችላል። የዱቤ መዝገብ አማና ነው። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። ሒሳብ ማሠራት ካሻችሁ በስም ፈንታ «ደንበኛ ሀ፣ ደንበኛ ለ» ብላችሁ ጻፉ።

አራተኛ፣ የሐላልና የሐራምን ጥያቄ ለዑለማዎች ተዉ። ማሽኑ ከመቶ ሁለት ተኩል ማስላት ይችል ይሆናል፤ ከሱቃችሁ ዕቃ የትኛው ዘካ እንደሚወጣበት፣ የትኛው ዕዳ እንደሚቀነስ የሚነግራችሁ ግን ሁኔታችሁን ጠይቆ የሚረዳ ዓሊም ነው።

እኚያ እናት ማስታወቂያውን እንደገና አስጻፉት። ሦስት መስመር ብቻ ሆነ፦ በእጅ የተለቀመ፣ በቤት የተዘጋጀ፣ ዋጋው ይህን ያህል። አጠረ፤ እውነት ግን ሆነ። «በረካው ከዚህ ነው» ብለው ሄዱ።

አላህ (ሱ.ወ.) ንግዳችንን ከማታለል ጠብቆ ሐላል ሪዝቅ ይወፍቀን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።