ስለ አሮጌ ፒካፖች ባሌስትራና ፍሬን

በቦሌ፤ በገርጂና በአያት ለሚሠሩት ቤቶች ሲሚንቶና ብረት ከሚያመላልሱት ፒካፖች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። በ2012 ዓመተ ምሕረት የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ግብሩን ከፍ ካደረገው ወዲህ፤ ለብዙ ሰው ያለውን ማሳደስ እንጂ ሌላ መግዛት አልተቻለውም፤ በዚህም የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው እድሳቱ ባሌስትራ በመጨመር ብቻ መፈጸሙ ነው።

ባሌስትራ የተጨመረለት መኪና ኋላው ከፍ ብሎ ጭነቱን ሳይጎብጥ ይሸከማል፤ ባለቤቱም በረታልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ባሉት በብዙዎቹ አሮጌ ፒካፖች ላይ፤ ለኋላ ጎማዎች የሚደርሰውን የፍሬን ኃይል እንደ ጭነቱ የሚመጥን ቫልቭ አለ፤ ይኸውም ጭነት መኖሩን የሚያውቀው በኋላው ዝቅ ማለት ነው። ኋላው በባሌስትራ ከፍ ካለ ቫልቩ መኪናው ባዶ የሆነ ያህል ተታልሎ ኃይሉን ይቀንሳል። እንግዲህ ብዙ ይጭን ዘንድ የተደረገው መኪና በዚያው ሥራ ፍሬኑ ደከመ ማለት ነው። ከካራ በኮተቤ ወደ መገናኛ ሲወርድ ሥራው ሁሉ በፊቱ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ውሃ የሳበ አሮጌ የፍሬን ዘይትም ሲግል ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ቢረገጥ ወለል ይነካል እንጂ መኪናውን አያቆምም። በዚያ ሰዓት ከቅዳሴ ተመልሶ መንገድ የሚሻገር ሰው ይኖራል።

ባዶ መኪና ቢፈተን ይህ ጉድለት ሊሰወር ይችላልና፤ በየዓመቱ የሚመረምሩት ባለሥልጣኖች ባሌስትራ የተጨመረበትን መኪና ሲያገኙ፤ ቫልቩ መስተካከሉን፤ ሸራውና ዘይቱም መለወጡን ሳያረጋግጡ ቦሎ ባይሰጡ የተገባ ነው።