ኩባንያው ሲያድግ ሰፈሩስ?

ዱከም ውስጥ በምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን አካባቢ ያደገ ወጣት ይህን ጥያቄ በደንብ ያውቀዋል፦ ኩባንያው ሲያድግ ሰፈሩስ አብሮ ያድጋል ወይ? ፋብሪካ ቢያንስ ጥሬ ዕቃ ከሌላ ቦታ እያስመጣ ለብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ማዕድን ግን ያልቃል። ስለዚህ ጥያቄው ማዕድን በሚወጣበት አካባቢ የበለጠ ይከብዳል።

ሪዮ ቲንቶን እንይ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1873 የውጭ ባለሀብቶች ደቡብ ስፔን ያለውን የመዳብ ማዕድን ከመንግሥት ገዙ፤ ለኩባንያቸውም የአካባቢውን ወንዝ ስም ሰጡት። በ1954 አብዛኛውን ድርሻ ለስፔናውያን ሸጠው ፊታቸውን ወደ ሌላ አገር አዞሩ። ኩባንያው ዛሬ ከአውስትራሊያ ብረት፣ ከሞንጎሊያ መዳብ የሚያወጣ ግዙፍ ድርጅት ነው። ስሙን ይዞ ሄደ፤ ለሺህ ዓመታት ሲቆፈር የኖረው አካባቢና ቀይ፣ አሲዳማ ወንዙ ግን እዚያው ቀሩ።

ይኸው ኩባንያ በ2020 ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ጁካን ጎርጅ የሚባለውን ቦታ በፈንጂ አፈረሰ። ዋሻው ከ46,000 ዓመት በፊት ጀምሮ የሰው ልጅ የኖረበት ነበር። ኩባንያው የመንግሥት ፈቃድ በእጁ ነበረው። የመሬቱ ባለቤቶች ተቃውሞ ግን ሰሚ አላገኘም። ቁጣው ሲበረታ ዋና ሥራ አስኪያጁ ከኃላፊነት ለቀቁ፤ ዋሻውን ግን የሚመልሰው የለም።

የእኛም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ሚድሮክ፣ ጉጂ ውስጥ ያለውን የለገደንቢ ወርቅ ማምረቻ በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት ገዛ። የ20 ዓመቱ ፈቃድ አልቆ በ2018 ለ10 ዓመት ሲታደስ የሻኪሶና የአካባቢው ሕዝብ አደባባይ ወጣ። «ከማምረቻው የሚወጣው ኬሚካል እኛንም ልጆቻችንንም ጎዳን» አለ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ፈቃዱ ታገደ፤ ሥራው እንደገና የጀመረው በ2021 ነው። እዚህም ፈቃድ ነበረ፤ የሕዝቡ ድምፅ የተሰማው ግን መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

ማዕድን አይውጣ እያልን አይደለም። አገሪቱ ዶላርም ሥራም ትፈልጋለች። በኩርሙክና በቱሉ ካፒም የውጭ ኩባንያዎች ወርቅ ለማውጣት ገብተዋል። ታዲያ ሌላ ለገደንቢ እስኪፈጠር ለምን እንጠብቃለን? ውሉ፣ የውሃና የጤና ጥናቱ፣ ማዕድኑ ሲያልቅ መሬቱን ለማስተካከል የተያዘው ገንዘብ፣ ሁሉም ከፊርማው በፊት ለሕዝብ ይውጣ። ኢትዮጵያ የማዕድን ገቢን ግልጽ ለማድረግ የተቋቋመውን ዓለም አቀፍ ኢኒሼቲቭ የተቀላቀለችው በ2014 ነው። የገባችውን ቃል እስከ ቀበሌ ድረስ ታውርደው።

እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ውስጥ መዳብም ወርቅም አለ። የሻኪሶ ወጣት የአካባቢውን የማዕድን ውል በዚያው ስልክ፣ በሚገባው ቋንቋ ከፍቶ ማንበብ ካልቻለ፣ ያደገው ኩባንያው ብቻ ነው ማለት ነው።