የጎን ምድጃ ያስፈልጋልን?

በዚህ ወር ስለ አንድ የማእድ ቤት ዕቃ ጥቂት ለመነጋገር አስበናል። ዕቃው በአገር ቤት ብዙ የተለመደ ባይሆንም፥ በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ግን የዕለት ጉዳይ ሆኗል። ይኸውም አሜሪካኖች በደጅና በጓሮ ሥጋ የሚጠብሱበት፥ ግሪል የሚባለው የጋዝ መጥበሻ ነው። ከመጥበሻው በስተ ቀኝ ወይም በስተ ግራ፥ ክዳን ያላት አንዲት ትንሽ የድስት ምድጃ ተጨምራበት የሚሸጥ ዓይነት አለ። ይህች ምድጃ ያለችበት መጥበሻ ከሌለችበት ዋጋው ከፍ ስለሚል፥ ገዢው በመደብሩ ውስጥ ቆሞ «ይህች ነገር ምን ትጠቅመኛለች?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

አሜሪካዊ ጎረቤቱን ቢያማክር አብዛኛውን ጊዜ «አታስፈልግህም» የሚል መልስ ያገኛል። ለጎረቤቱ ነገሩ እውነት ነው። እርሱ በውጭ የሚጠብሰው ሥጋና በቆሎ ከብረቱ ላይ የሚያርፍ ነው፤ በድስት የሚሠራው ባቄላና ማባያ ግን በወጥ ቤቱ ምድጃ ላይ ሆኖ ማንንም አያስቸግርም። ስለዚህ የጎን ምድጃዋ ከተገዛች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክዳኗ ተዘግቶ ሳሕን ማስቀመጫ ትሆናለች። ነገር ግን የሰው ምክር የሚጠቅመው የመካሪውና የተመካሪው ድስት አንድ ሲሆን ነው።

የእኛ ድስት ሌላ ነው። ዶሮ ወጥ የምትሠራ እመቤት ሽንኩርቱን ከትፋ በደረቁ ስታቁላላ ረጅም ሰዓት ትቆማለች፤ ከዚያ በርበሬው ይገባል፤ ቅቤውም ይከተላል። በአገር ቤት ወጥ ቤቱ ከመኖሪያው ተለይቶ በጓሮ መሠራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጢሱም ሽታውም መውጫ ነበረው። በአሜሪካ ግን ወጥ ቤቱና ሳሎኑ ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል ናቸው፤ ወለሉ ምንጣፍ የለበሰ ነው፤ በብርዱ ወራት መስኮት አይከፈትም። ከምድጃው በላይ ያለው የጢስ መሳቢያ እንኳ በብዙ ቤቶች አየሩን በማጥለያ አሳልፎ ወደዚያው ክፍል ይመልሰዋል እንጂ ወደ ውጭ አያወጣውም። በርበሬው ሲቁላላ በጣራው ላይ የተሰቀለው የጢስ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፤ በማግሥቱም የልጆቹ የትምህርት ቤት ካፖርት ቁሌት ቁሌት ይሸታል።

ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን የወለደች ልጇን ልትጠይቅ፥ የልጅ ልጆቿንም ልታሳድግ ከአገር ቤት የሄደችውን እናት እናስባት። «እማዬ፥ ዛሬ ወጡ ይቅርብን፤ ቤቱ ይሸታል» ስትባል ምን እንደሚሰማት ለመገመት አያዳግትም። በዚያ አገር ቋንቋውን አታውቅም፤ መኪና አትነዳም፤ ከቤት ውጭ የምትሄድበት የለም። ክብሯ በእጇ ሙያ ነበረ፤ ያንኑ ሙያዋን ቤት እንደሚያበላሽ ነገር ሲቆጥሩባት አፏን ይዛ ትቀመጣለች። ልጆቹም ወጥን ከምግብ ቤት በላስቲክ ዕቃ ተገዝቶ የሚመጣ ነገር አድርገው ያድጋሉ። እንዲህ ላለው ቤት፥ ቁሌቱን ወደ ደጅ የምታወጣ አንዲት ምድጃ ከሳሕን ማስቀመጫነት እጅግ የምትበልጥ ናት።

እንግዲህ ሥራውን ትችለዋለችን? በመደብር የእሳት ኃይል የሚነገረው ቢ.ቲ.ዩ. በሚባል መለኪያ ነው። አንድ ቢ.ቲ.ዩ. ማለት አንድ ፓውንድ ውሃን፥ ይኸውም ግማሽ ኪሎ የማይሞላውን፥ በፋራናይት መለኪያ አንድ ዲግሪ የሚያሞቅ የሙቀት መጠን ነው። የጎን ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ10,000 እስከ 15,000 ቢ.ቲ.ዩ. ትሰጣለች፤ ይህም በቤት ውስጥ ካለ የጋዝ ምድጃ አንድ ዓይን ጋር የሚወዳደር ነው። 12,000 የምትሰጠውን ወስደን፥ ከሙቀቷም ወደ ድስቱ የሚገባው 40 በመቶው ብቻ ነው ብለን ብናሰላ፥ 5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በ20 ደቂቃ ያህል ታፈላለች። የተለመደው ሲሊንደር 20 ፓውንድ ማለት 9 ኪሎ ያህል ፕሮፔን ይይዛል፤ ሲሞላ ያለው ሙቀት ወደ 430,000 ቢ.ቲ.ዩ. ስለሚጠጋ፥ ይህችን ምድጃ ብቻዋን በሙሉ ኃይሏ 35 ሰዓት ያህል ሊያነዳት ይችላል።

ስለዚህ ኃይል አይጎድላትም፤ የሚጎድላት ርጋታ ነው። በዝግታ እሳት የምትነጠር ቅቤና ቀስ ብሎ የሚንተከተክ ሽሮ የሚፈልጉት ትንሽና የማይናወጥ ነበልባል ነው። የጎን ምድጃ ግን እሳቷ ዝቅ ሲል ነፋስ ያጠፋታል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ስስ ድስት ከሥር ያሳርራል። ነፋሱ ሳያጠፋት እንኳ ነበልባሉን ከድስቱ ሥር ገፍቶ ወደ ጎን ስለሚወስደው፥ በ20 ደቂቃ ይፈላል ያልነው ውሃ 40 ደቂቃ ቢፈጅ አያስደንቅም። ነፋሱን ለመከልከል ሲሉ መጥበሻውን በሙሉ በአልሙኒየም ወረቀት ወይም በቆርቆሮ መክበብ ተገቢ አይደለም፤ ሙቀቱ ወደ ጎማው ቱቦና ወደ መክፈቻው ይመለሳል። ይልቁንም ሥራውን መክፈል ይሻላል፤ ቁሌቱ በወፍራም ድስት ከውጭ ይለቅ፥ ውሃ ከገባበት በኋላ ድስቱ ወደ ቤት ገብቶ በለዘብታ እሳት ይብሰል። ቤቱን የሚያስቸግረው ሽታ በአብዛኛው ከሽንኩርቱና ከበርበሬው መቁላላት የሚወጣ ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያደረገች እመቤት ከጥቅሙ የሚበዛውን አገኘች ማለት ነው።

ቡናን በዚህች ምድጃ መቁላት ይቻላል፤ እሳቷም ለዚያ ትመቻለች። ነገር ግን የቡናውን ጢስ እንግዳ ሊያሸተው ይገባልና፥ እርሱን ወደ ጓሮ ማባረር ግማሹን ቡና እንደ መድፋት ይሆናል። የጢስ ማስጠንቀቂያው ለአንድ ቀን ቢጮኽ ይጩኽ።

ጾሙም የራሱን ነገር ይጨምርበታል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ በሌሎቹም አጽዋማት፥ በየሳምንቱም ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የሚጠበስበት ክፍል ተዘግቶ ይኖራል፤ ሥጋ መጥበሻ ብቻ የገዛ ቤተ ሰብ ዕቃውን የዓመቱን ግማሽ ያህል ሸፍኖ ያስቀምጠዋል ማለት ነው። የጎን ምድጃ ያለችው ግን ምስሩን፥ ሽሮውንና ጎመኑን ለብቻው በተለየ ድስት ሲሠራባት ይሰነብታል። በእኔ ግምት ለኦርቶዶክሳዊ ቤት የምድጃዪቱ ዋጋ ከሁሉ ይልቅ የሚመለሰው በዚህ ነው።

አሁን የምንለው ግን ከገንዘብ ይልቅ ስለ ነፍስ ነው። በብርድ ጊዜ፥ ይልቁንም በሰሜኑ ክፍለ ሀገር እንደ ሚኒሶታ ባለው ስፍራ፥ መጥበሻውን ወደ ጋራዥ አስገብቶ በሩን ገርበብ አድርጎ መሥራት የሚቃጣው ሰው አይጠፋም። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ጋዝ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰውየው ራሱን ሲያዞረውና እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ድካም ይመስለዋል፤ ከጋራዡም ወደ መኝታ ቤት ይገባል። በር መክፈት ብቻውን አያድንም።

በአፓርታማ የሚኖር ሰው ደግሞ ከመግዛቱ በፊት የኪራይ ውሉን ማንበብ አለበት። በብዙ ከተሞች የእሳት ደንብ እንዲህ ያለውን መጥበሻ በሚቃጠል ነገር በተሠራ የአፓርታማ በረንዳ ላይ፥ ወይም ከሚቃጠል ግድግዳ በ10 ጫማ፥ ማለት በ3 ሜትር ውስጥ መጠቀምን ይከለክላል። በራሱ ቤት የሚኖረው ከዚህ ደንብ ብዙ ጊዜ ነፃ ቢሆንም፥ እሳቱ ለሁሉም ያው ነውና ከእንጨቱ ግድግዳ መራቁ አይጎዳውም። ምድጃዪቱን ሲለኩሱ ክዳኗ የተከፈተ ይሁን። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ካፈሰሰ ወደ ታች ወርዶ በጉድጓዳ ስፍራ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ በደጅ ይቀመጥ እንጂ ወደ ምድር ቤት አይውረድ። ሲሊንደሩ በተቀየረ ቁጥር ሳሙና በውሃ በጥብጦ መጋጠሚያውን መቀባት ነው፤ አረፋ ከነፋ ጋዙ ይወጣል ማለት ነው። አሮጌ ሲሊንደር ከሰው የተቀበለ መክፈቻውን ይመልከት፤ ከመጠን በላይ መሙላትን የሚከለክለው መሣሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. የግድ ከሆነ ወዲህ፥ የተለመደው መክፈቻ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ መሣሪያው የሌለውን አይሞሉለትም።

እናቶቻችንም ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ውጭ ሲወጡ ጫፉን ወደ ኋላ አጥብቀው ይሰሩት፤ ነፋስ ነበልባሉንም ነጠላውንም በአንድነት ያነሣልና። የድስቱ እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር፤ ሕፃናት በጓሮ ይሮጣሉ።

ለማኅበርና ለክርስትና የሚሆነውን ትልቅ ድስት ግን ይህች ምድጃ አትችለውም። ከመጥበሻው ጎን በክንፍ ላይ የተሠራች ስለ ሆነች፥ ፋብሪካው የድስቱን ስፋትና ክብደት በመመሪያው ይወስናል፤ ከዚያ ያለፈ ድስት መጥበሻውን ሊገለብጠው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሥራ መሬት ላይ በአራት እግሩ የሚቆም የፕሮፔን ምድጃ ለብቻው ይሸጣል፤ ሥጋ የመጥበስ ፍላጎት የሌለው ቤተ ሰብማ መጀመሪያውኑ እርሱን ብቻ ቢገዛ ይበቃዋል። ጋዝ የተከለከለበት ሰው ደግሞ፥ ባለቤቱ ከፈቀደ፥ በረንዳው ላይ 1,500 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይጠቀም። ኃይሉ በሰዓት 5,100 ቢ.ቲ.ዩ. ያህል ብቻ ቢሆንም፥ ድስቱ ከብረቱ ጋር ስለሚገናኝ ከሙቀቱ የሚባክነው ያንሳል፤ ነፋስም አያጠፋውም። እንዲያውም ለሽሮ ከጋዙ ይሻላል።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ የራሱ ጓሮ ያለው፥ ሥጋ መጥበሻ ሊገዛ የቆረጠ፥ በቤቱም ወጥ የሚሠራበት ቤተ ሰብ የጎን ምድጃ ያለበትን ይግዛ። ወጥ የማይሠራበት ቤት ገንዘቡን አያባክን።

የገዛ ሰው ደግሞ ክረምቱ አልፎ ምድጃዪቱን ከመለኮሱ በፊት ወደ እሳቱ የሚገባውን ቧንቧ ፈትቶ ይመልከት። ትናንሽ ሸረሪቶች በዚያ ውስጥ ድራቸውን ማድራት ይወዳሉ፤ ድሩ መንገዱን ሲዘጋው ጋዙ ወደ ኋላ ተመልሶ ከመክፈቻው አጠገብ ይነዳል። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ሆኖ ከተርገበገበ፥ ወይም ድስቱን ጥላሸት ከቀባው፥ እሳቱን አጥፍቶ፥ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ቆይቶ፥ ቧንቧውን በቀጭን ብሩሽ መጥረግ ነው።